ለፍጥረት ስም ያወጣው ሊቅና የመንገዱ ስንቅ፦ የካርል ሊኔዎስ የሕይወት ታሪክ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ዕቃ በየወደቡ ልዩ ልዩ ስም ሲኖረው ክርክር አይታጣም። ሻጩ በአንድ ስም ጠርቶ የላከውን ገዥው በሌላ ስም ይቀበለዋል፤ የጉምሩኩ ሹም ደግሞ በሦስተኛ ስም ይመዘግበዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጠቡን የሚያበርደው ናሙና ነው። ናሙናው ከፊት ቀርቦ፥ ታይቶና ተዳሶ፥ የተባለው ዕቃ ይኸው መሆኑ ሲረጋገጥ ሁሉም ይስማማል። ለንግድ ዕቃ የሚያስፈልገው ይህ ሥርዓት ለዕፀዋትና ለእንስሳት፥ ለዓሣና ለነፍሳትም እንደሚያስፈልግ ተረድቶ፥ ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የስም አወጣጥ ደንብ ያቆመው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው።

ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአእምሮው ብሩህነት ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና የሚመለከት ሰው አንድ ሌላ ነገር ያስተውላል። ሊኔዎስ ካንዱ የዕውቀት ደረጃ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር የመንገድ ስንቅ የቋጠረለት ወይም የተዘጋ ግምጃ ቤት የከፈተለት አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። እርሱም በተራው አድጎ መምህር ከሆነ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ስንቅ ሲለምንና ደጅ ሲያስከፍት ኖረ። ስለዚህ የእርሱ ታሪክ የአንድ ሊቅ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት የወጣ ገንዘብ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ሊኔዎስ በ1707 በሜይ ወር፥ በደቡብ ስዊድን ስሞላንድ በሚባለው አገር፥ ሮስሁልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኒልስ ሊኔዎስ በኋላ የስቴንብሮሁልት ደብር አለቃ የሆነ ቄስ ነበረ፤ የቤተ ሰቡም ስም በርስታቸው ላይ ከቆመ ከአንድ ትልቅ የሊንድ ዛፍ የተወሰደ ነው። ቄሱ አትክልት መትከልን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ ልጁ ገና በሕፃንነቱ በአበባ መካከል እየተመላለሰ የእያንዳንዱን ተክል ስም ይጠይቅ ነበር። የተነገረውን ረስቶ ደግሞ በጠየቀ ጊዜ አባቱ ስም የማይዝ ከሆነ ሌላ እንደማይነግረው ነግሮ ገሠጸው። ከዚያ ወዲህ ልጁ አንድ ጊዜ የሰማውን ስም አልረሳም ይባላል።

ወላጆቹ ቄስ እንዲሆንላቸው ተመኝተው ቬክሾ ወደምትባለው ከተማ ትምህርት ቤት ላኩት። መምህራኑ ግን በሥነ መለኮት ትምህርቱ ደካማ መሆኑን አይተው ለክህነት እንደማይበቃ ለአባቱ አስታወቁ። አባትዮው አዝኖ ልጁን ከትምህርት ሊያወጣው ባሰበበት ሰዓት በዚያው ከተማ የሚኖር ሐኪም፥ ዶክተር ዮሐን ሮትማን፥ ልጁን በቤቱ አስቀምጦ በነጻ የሕክምናና የዕፀዋት ትምህርት ሊያስተምረው ተነሣ። ይህ የመጀመሪያው በር ነበረ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በሉንድ ከተማ ነው። ሊኔዎስ በ1727 ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኪልያን ስቶቤዎስ በሚባል ሐኪም ቤት በጥገኝነት ተቀመጠ። ሐኪሙ የደረቁ ዕፀዋት፥ የዛጎልና የድንጋይ ስብስብ፥ ብዙ መጻሕፍትም ነበሩት፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ለተማሪ ክፍት አልነበረም። ሊኔዎስ በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሌላ ተማሪ አባብሎ መጻሕፍቱን ማታ ማታ በድብቅ እያስወጣ፥ ሲያነብ አድሮ ጧት በየቦታቸው ያስመልስ ነበር። የሐኪሙ እናት ሌሊት የሚበራ ሻማ አይታ እሳት እንዳይነሣ ስለ ሠጋች ለልጅዋ ነገረችው። ሐኪሙም ተማሪው ተኝቶ ሻማውን የረሳው መስሎት ድንገት ቢገባ በራሱ መጻሕፍት ተከቦ ሲያነብ አገኘው። ከማባረር ይልቅ በማግሥቱ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ፈቀደለት፤ በማዕዱም አስቀመጠው። የተዘጋ ስብስብ ላወቀው ሰው ሲከፈት ምን እንደሚያፈራ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይፈለግም።

በ1728 ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ በዚያም ችግር ጸናበት። የቀዳዳ ጫማውን በወረቀት እየደፈነ ይሄድ ነበር። በ1729 ግን ኦሎፍ ኬልሲዎስ የሚባል የሥነ መለኮት መምህር በዩኒቨርሲቲው አትክልት ስፍራ አግኝቶት ስለ ተክሎች ቢጠይቀው በመልሱ ተደንቆ ወደ ቤቱ ወሰደው። የሙቀት መለኪያን ደረጃ የወሰነው አንደርስ ኬልሲዎስ የዚህ መምህር የወንድም ልጅ ነው። በሚከተለው ዓመት ሊኔዎስ ገና ተማሪ ሳለ በአትክልቱ ስፍራ ለሌሎች ተማሪዎች ትምህርት እንዲሰጥ ተፈቀደለት።

በ1732 የኡፕሳላ የሳይንስ ማኅበር ሊኔዎስን በሰሜን ወዳለው ላፕላንድ ላከው። የተሰጠው ገንዘብ ከጠየቀው ያነሰ ነበረ፤ እርሱ ግን በዚያው ተቈጣጥቦ፥ በፈረስና በእግር፥ በረግረግና በበረዶ መካከል 5 ወር ያህል ተጓዘ። የዚያን አገር ዕፀዋት፥ ማዕድንና የሕዝቡን ኑሮ መዝግቦ ተመለሰ፤ በ1737 ያሳተመው የላፕላንድ ዕፀዋት መጽሐፍ የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው። በ1734 ደግሞ የዳላርና አገረ ገዥ ኒልስ ሮይተርሆልም የግዛቱን የተፈጥሮ ሀብት ለማወቅ ፈልጎ ወጪውን ችሎ ሊኔዎስን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር አስጠናው። ይህ ገዥ የሚያስተዳድረው ምድር ምን እንዳለበት ሳያውቅ ማስተዳደር ጐደሎ መሆኑን የተረዳ ሰው ነበረ።

በዚያው ወራት ሊኔዎስ ፋሉን በምትባለው ከተማ የሚኖረውን የሐኪሙን የዮሐን ሞሬዎስን ልጅ ሣራ ኤልሳቤጥን ለማግባት ጠየቀ። አባትዋ ግን ውጭ አገር ሄዶ የዶክትርና ማዕረግ ካልተቀበለ ልጁን እንደማይሰጥ ቍርጡን ነገረው። እንግዲህ ሊኔዎስ በ1735 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሆላንድ መንገድ ጀመረ።

በጉዞው ሐምቡርግ ሲደርስ በዚያ ያሉ ሹማምንት እንደ ታላቅ ሀብት የሚጠብቁት ሰባት ራስ ያለው የዘንዶ በድን እንዳለ ሰማ። ለዚህ ፍጥረት ብዙ ገንዘብ ይጠየቅበት ነበር። ሊኔዎስ ቀርቦ ቢመረምረው መንጋጋውና እግሩ የሌላ ትንሽ አውሬ፥ ቈዳው የእባብ ሆኖ፥ ሁሉም በሙጫ የተጣበቀ የሰው ሥራ መሆኑን አወቀ፤ ያወቀውንም ሳይደብቅ ተናገረ። የዕቃው ዋጋ በአንድ ቀን ስለ ወደቀ የባለቤቶቹን ቍጣ ፈርቶ ከተማዪቱን በጥድፊያ ለቅቆ ወጣ። ወሬ ያከበረውን ዓይንና እጅ እንዲህ ይመረምረዋል።

በሆላንድ ሀርደርዌይክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዶክትርናውን ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያ ወደ ላይደን ሄዶ የእጅ ጽሑፉን ያን ፍሬዴሪክ ግሮኖቪዎስ ለሚባል ሊቅ አሳየው። ግሮኖቪዎስ ጽሑፉን ባነበበ ጊዜ እጅግ ስለ ተደነቀ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ በራሱ ገንዘብ በ1735 አሳተመው። ሥርዓተ ተፈጥሮ ተብሎ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ በመጀመሪያው እትሙ ጥቂት ሰፋፊ ገጾች ብቻ ነበሩት፤ ነገር ግን ማዕድንን፥ ዕፀዋትንና እንስሳትን በክፍል በክፍል አሰልፎ የያዘ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሊኔዎስ ጆርጅ ክሊፎርድ ከሚባል ባለጸጋ ጋር ተገናኘ። ክሊፎርድ የባንክ ባለቤትና የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ዲሬክተር ሲሆን፥ ሀርተካምፕ በሚባለው ርስቱ ላይ መርከቦች ከዓለም ዳርቻ ያመጡለትን ተክሎችና እንስሳት የሚያኖርበት ታላቅ አትክልት ስፍራ ነበረው። በዚያን ጊዜ ሊኔዎስ ዮሐንስ ቡርማን በሚባል የአምስተርዳም ሊቅ ቤት እንግዳ ሆኖ ይሠራ ነበር። ቡርማን ሰውየውን ሊለቅለት ባልወደደ ጊዜ፥ ክሊፎርድ በቤቱ ሁለት ቅጂ የነበረውን የሀንስ ስሎንን የጃማይካ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ አንዱን ሰጥቶ አስለቀቀው። እንዲህ ዓለምን የሚያስተምረው ሊቅ በአንድ መጽሐፍ ተለወጠ። ክሊፎርድም ከመኖሪያና ከምግብ ጋር በዓመት 1000 ፍሎሪን ደመወዝ ቈረጠለት። በ1736 ደግሞ ወጪውን ችሎ ወደ እንግሊዝ ላከው፤ ሊኔዎስም በለንደን የስሎንን ስብስብ፥ በቼልሲ የመድኃኒት ተክሎችን አትክልት፥ በኦክስፎርድም የደረቁ ዕፀዋትን መዝገብ ተመለከተ። የክሊፎርድን ዕፀዋት የሚዘረዝረው ትልቁ መጽሐፍ የተሠራው በዚህ ዘመን ነው።

ይህ የደስታ ዘመን ኀዘንም ነበረበት። የኡፕሳላ ባልንጀራው ፔተር አርቴዲ ዓሦችን በማጥናት የሚተካከለው ያልነበረ ሰው ነበረ። ሁለቱ ተማሪዎች ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን እንዲፈጽምለት ተማምለው ነበር። አርቴዲ በአምስተርዳም የአንድ መድኃኒት ሻጭ የዓሣ ስብስብ እየመዘገበ ሳለ በ1735 አንድ ሌሊት ከቦይ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ያከራየው ሰው ስለ ቀረበት ዕዳ ጽሑፎቹን በመያዣ ስለ ያዘ፥ ክሊፎርድ ዕዳውን ከፍሎ አስለቀቃቸው። ሊኔዎስም በ1738 የባልንጀራውን የዓሣ መጽሐፍ አሳተመለት። ጥቂት ገንዘብ በጊዜው ባይከፈል ኖሮ የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ከመቃብሩ ጋር በጠፋ ነበር።

በ1738 ሊኔዎስ በፓሪስ አልፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በስቶክሆልም ሐኪም ሆነ፤ በ1739 የስዊድን የሳይንስ አካዳሚን ካቋቋሙት አንዱና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሣራ ኤልሳቤጥን አገባ። በ1741 በኡፕሳላ የሕክምና ፕሮፌሰር ተብሎ ተሾመ፤ ከዚያም እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየም።

ትልቁ ሥራው የተፈጸመው በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ከእርሱ በፊት አንድን ተክል ለመጥራት ሊቃውንት ረጅም የላቲን ዓረፍተ ነገር ይጽፉ ነበር። ዛሬ ቲማቲም የምንለው፥ ግንዱ እሾህ የሌለውና ለስላሳ፥ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለና የተተለተለ ሶላኑም ተብሎ ይጠራ ነበር። ሊኔዎስ በ1753 ባወጣው የዕፀዋት መጽሐፍ ይህን ሁሉ አሳጥሮ ሶላኑም ሊኮፔርሲኩም አለው። ነገሩ የእኛን የስም አጠራር ይመስላል፤ አንዱ የራስ ስም፥ አንዱ የአባት ስም ነው፤ ልዩነቱ በሊኔዎስ ሥርዓት የወገኑ ስም ቀድሞ የራሱ ስም መከተሉ ነው። በዚህ መጽሐፍ ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዓይነቶች ስም አገኙ። በ1758 ደግሞ በሥርዓተ ተፈጥሮ በ10ኛው እትም ከ4000 በላይ ለሚሆኑ እንስሳት እንዲሁ ስም አወጣ። የዕፀዋት ስም ከ1753፥ የእንስሳት ስም ከ1758 ጀምሮ እንዲቈጠር የዓለም ሊቃውንት የተስማሙት ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ስም ለማውጣት ናሙና ያስፈልጋል፤ ናሙናም ከኡፕሳላ ሁኖ አይገኝም። ሊኔዎስ ይህን ስለሚያውቅ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድር ዳርቻ መላክ ጀመረ። ሐዋርያት እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ 17 ያህል ተማሪዎች ናቸው። ሊኔዎስ ለእያንዳንዳቸው ስንቅ ለማግኘት ለአካዳሚው ይጽፍ፥ ባለጸጎችን ይለምን፥ የስዊድን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም ተማሪዎቹን በመርከቡ ላይ በነጻ ወይም ቄስ አድርጎ እንዲወስድ ያስማማ ነበር። ነጋዴዎቹም ጥቅማቸውን አልሳቱም፤ የውጭ አገር ሸቀጥ ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው ለንግድም ይረዳልና።

ዋጋው ግን ከባድ ነበረ። በ1746 ወደ ቻይና የተላከው ክሪስቶፈር ቴርንስትሮም ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። ሚስቱ ልጆቿን ያለ አባት ያስቀረብኝ አንተ ነህ ብላ ሊኔዎስን ስለ ወቀሰችው፥ ከዚያ ወዲህ ያላገቡትን ብቻ ለመላክ ወሰነ። ፔር ካልም ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዶ በ1751 በሰላም ተመለሰ። ፍሬድሪክ ሀሰልክዊስት ግን አልተመለሰም። ሊኔዎስ የቅዱሳት መጻሕፍት አገር ዕፀዋትና እንስሳት እስከዚያ ዘመን በደንብ አለመጠናታቸውን በትምህርቱ ላይ ባዘነ ጊዜ፥ ይህ ድኃና ደረቱን የታመመ ተማሪ እኔ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። በተዋጣለት ጥቂት ገንዘብ በ1749 ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ግብፅንና ፍልስጥኤምን አጠና፤ በ1752 ግን ሰምርኔስ አጠገብ በ30 ዓመቱ ሞተ። ስንቁ ስላልበቃው ብዙ ዕዳ ነበረበት፤ አበዳሪዎቹም ስብስቡንና ጽሑፉን ያዙት። የስዊድን ንግሥት ሎቪዛ ኡልሪካ ዕዳውን 14000 የመዳብ ዳለር ከፍላ ዕቃውን ሁሉ አስለቀቀች፤ ሊኔዎስም የተማሪውን ሥራ በ1757 በመጽሐፍ አወጣው።

ለእኛ ለቀይ ባሕር ዳርቻ ሰዎች ቅርብ የሆነው የፔተር ፎርስኮል ታሪክ ነው። ይህ የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬዴሪክ 5ኛ ወጪውን ችሎ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው 6 ሰዎች አንዱ ነበረ። በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሥተው በግብፅ፥ በስዌዝና በጅዳ አድርገው የመን ገቡ። ፎርስኮል በየወደቡ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እየዋለ የዓሦቹን ስም ከአፋቸው ይቀበል ነበር። ስለዚህ ቦሃርና ሐሪድ የተባሉት የባሕራችን ዓሦች የዐረብኛ ስማቸው በላቲኑ ስም ውስጥ እስከ ዛሬ ተጽፎ ይኖራል። ጫትንም በሳይንስ መዝገብ ካታ ብሎ ያስገባው እርሱ ነው። የዓሣውን ቈዳ በአንድ ወገን ገፎ፥ አድርቆ፥ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ይለጥፈው ነበር። በጁላይ 1763 ያሪም በምትባል የየመን ከተማ በወባ ሞተ። ከ6ቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፥ የፎርስኮልን ጽሑፎች በ1775 አሳተመለት። እነዚያ የዓሣ ቈዳዎች ወደ 100 የሚጠጉት በኮፐንሃገን የእንስሳት ቤተ መዘክር ተጠብቀዋል።

የሊኔዎስ ሥራ እንከን የሌለበት አይደለም። ስዊድን ለሻይ የምታወጣው ብር በቻይና እንዳይቀር ሻይን በአገሩ ለማብቀል ተመኘ፤ በ1763 የሻይ ችግኝ በሕይወት ደርሶለት ደስ አለው፤ ብርዱ ግን አላስበቀለውም። ከዚህ ይልቅ የከፋው ስለ ሰው የጻፈው ነው። በ1758 የሰውን ዘር በ4 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከመልኩ ጋር ጠባይ መደበለት፤ ለአፍሪካውያንም የስንፍናንና የተንኰልን ስም ሰጠ። አፍሪካን በዓይኑ አላየም፤ የተከተለው የመንገደኞችን ወሬ ነው። በሐምቡርግ ሰባት ራስ ያለውን ዘንዶ ያጋለጠው ሰው በዚህ ጊዜ ከወሬ ቍርጥራጭ ያልነበረ ፍጥረት ሠራ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎችም ያን ለዘር ጥላቻ መሣሪያ አደረጉት። የቡናም ነገር ትንሽ ምሳሌ ነው። ሊኔዎስ በ1753 ኮፌያ አራቢካ ብሎ የሰየመው በአውሮፓ የሚታወቀው ቡና ከዐረብ አገር የመጣ ስለ ነበረ ነው፤ የዱር ቡና የሚበቅልበት ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ስሙ በስሕተት ቢወጣም እንደ ደንቡ ጸንቶ ቀርቷል። በመጀመሪያው የምዝገባ ቀን በቦታው ያልተገኘ ወገን ንብረቱ በሌላው ስም ይጻፍበታል።

ሊኔዎስ ከንጉሡ የመኳንንት ማዕረግ ተቀብሎ ፎን ሊኔ ተባለ። በመጨረሻ ዘመኑ ደዌ ጸንቶበት ጃንዋሪ 10 ቀን 1778 በኡፕሳላ ሞተ፤ በዚያውም ካቴድራል ተቀበረ። ስሙን የወረሰው ልጁ በ1783 ሲከተለው መበለቲቱ ለሴቶች ልጆቿ መተዳደሪያ ለማግኘት ስብስቡን ለመሸጥ ተገደደች። በ1784 ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ የ24 ዓመት የእንግሊዝ ሕክምና ተማሪ ከአባቱ ገንዘብ ተቀብሎ በ1000 ጊኒ ገዛው። 14000 ያህል የደረቁ ዕፀዋት፥ ከ3000 በላይ ነፍሳት፥ ከ1500 በላይ ዛጎሎች፥ ብዙ መጻሕፍትና ደብዳቤዎች በ26 ሣጥን ተጭነው ወደ ለንደን ሄዱ። ስዊድናውያን የጦር መርከብ ልከው አሳደዱ የሚባለው ተረት ነው፤ እውነቱ በጊዜው ገንዘቡን የሚከፍል ሰው በአገሩ አለመገኘቱ ነው። በ1788 በለንደን የሊኔዎስ ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሚዝ ከሞተ በኋላም ማኅበሩ በ1829 ስብስቡን ገዝቶ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሊኔዎስ ለአንድ ተክል ስም ሲሰጥ የትኛውን ናሙና ይዞ እንደ ነበረ ማረጋገጥ የሚሻ ስዊድናዊ ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ የለንደንን ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት።

የስዊድናዊው ደጅ መጥናት በእኛም ላይ የደረሰ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ምድር በ19ኛውና በ20ኛው ምዕት ዓመት የተወሰዱ የዕፀዋት ናሙናዎች በፊሬንዜ፥ በፓሪስ፥ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ተቀምጠዋል። በበርሊን የነበሩት ደግሞ በ1943 በጦርነት እሳት ብዙዎቹ ተቃጥለዋል። ስለዚህ የአገሩን ቅጠል ስም በእርግጥ ለማወቅ የሚፈልግ ሐበሻ ተማሪ ወደ እነዚያ ከተሞች የሚያደርሰው ስንቅና ናሙናውን አይቶ የሚያመዛዝንበት ሥልጠና ያስፈልገዋል። ዛሬ የሊኔዎስ ናሙናዎች ፎቶግራፍ ከሩቅ ለሚመለከት ሁሉ ተከፍቷል፤ ይህ ትልቅ በጎነት ነው። ይሁን እንጂ የቅጠሉን ጠጕር በማጉያ መነጽር ለመቍጠር ወይም የዓሣውን ጥርስ ለመለካት ከናሙናው ፊት መገኘትን የሚተካ አልሆነም።

ይህ ከንቱ ምኞት አለመሆኑም በሥራ ታይቷል። በ1959 የኢትዮጵያ ብሔራዊ የዕፀዋት መዝገብ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከ1980 ጀምሮ በስዊድን መንግሥት የገንዘብ ርዳታ፥ በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ መዘጋጀት ጀመረ። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሊኔዎስ ባስተማረበት ከተማ ሠልጥነው የዶክትርና ማዕረግ ተቀበሉ፤ በአውሮፓ ግምጃ ቤቶች የተቀመጡትን የአገራቸውን ናሙናዎች መረመሩ፤ ተመልሰውም ሌሎችን አስተማሩ። በ2009 ሥራው ሲፈጸም በመጽሐፎቹ ውስጥ የተመዘገቡት የዕፀዋት ዓይነቶች 6000 ያህል ነበሩ። ይህም ሊኔዎስ በ1753 ለዓለም ዕፀዋት ሁሉ ካወጣው ስም ጋር የሚተካከል ቍጥር ነው።

እንግዲህ የሊኔዎስን ሕይወት እንደ ሒሳብ መዝገብ ብንመለከተው፥ በወጪው ወገን የሮትማንን ማዕድ፥ የስቶቤዎስን ቁልፍ፥ የአገረ ገዥውን የጉዞ ገንዘብ፥ የክሊፎርድን ደመወዝ እናገኛለን፤ በገቢውም ወገን ሁሉም አገር የሚጠቀምበት የስም ሥርዓት ተጽፏል። ከዚያው መዝገብ ስንቃቸው ሳይበቃ በመንገድ የቀሩትን ልጆች ስምም ማንበብ ይገባናል። ለተማሪ የሚሰጥ ስንቅ መንገዱን የሚያደርሰው ብቻ ሳይሆን የሚመልሰውም መሆን እንዳለበት የሀሰልክዊስት ዕዳ ያስተምራል። ባጀት የሚመድብ ሹምም፥ ከትርፉ ለበጎ ሥራ የሚያወጣ ነጋዴም፥ አንድ ወጣት የአገሩን ዓሣና ቅጠል ስም ሊያጠና ወደ ሩቅ ቤተ መዘክር ልሂድ ብሎ ቢጠይቀው፥ ልመናውን እንደ ቅንጦት እንዳይቈጥረው ይህን ታሪክ ያስታውስ።